ችግኙን ማን ያጠጣዋል?

ባለፈው እሑድ አንዲት እህት ስልኳን ከፍታ ሁለት ፎቶ አሳየችኝ። የመጀመሪያው በሐምሌ የተላከላት ነው። ደቡብ ወሎ ከአያቱ ጋር የሚያድገው የዘጠኝ ዓመት ልጇ ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ ቦቲ ተጫምቶ፣ የጽድ ችግኝ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ከኋላው መምህራን፣ የቀበሌ ሰዎችና ትልቅ ባነር ይታያሉ። ሁለተኛውን ያስላከችው እሷው ናት፤ በጥር ወር «እስቲ ዛፍህን አሳየኝ» ብላው። ልጁ እዚያው ቦታ ቆሟል። እግሩ ሥር ግን የደረቀ ጭራሮና የፍየል በጠጥ ብቻ ነው ያለው። «ይሄ ሁሉ ተብሎ ተብሎ፣ ልጄ ምኑን ተማረ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እኔ ብቻዬን የምመልሰው አይደለም። ግን በየክረምቱ በኢሞና በዋትስአፕ ችግኝ የያዘ ልጅ ፎቶ የማይደርሳት እናት እዚህ ባሕረ ሰላጤ ጥቂት ናት ብዬ አላስብም። ስለዚህ ነገሩን ትንሽ ዘርዘር አድርገን ብናየው ይጠቅማል። ልጆቻችንን ስለ ተፈጥሮ የሚያስተምራቸው ማነው? በምን ጊዜ? በማን ወጪ? ከሐምሌ በኋላስ ማን ይቀራል?

መንግሥት «አረንጓዴ አሻራ» ያለውን ዘመቻ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ደግሞ ቁጥሩ ከ566 ሚሊዮን በላይ ደረሰ ተባለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ዕቅድ በአራት ዓመት 20 ቢሊዮን ነበር፤ ከዚያ በሁለተኛው ምዕራፍ 25 ቢሊዮን እንዲጨመር ታቀደ። ቁጥሮቹ የመንግሥት ናቸው፤ በእነሱ ላይ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ ዛሬ እዚያ ውስጥ አልገባም። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። ዘመቻው የሚቆጥረው የተተከለውን ነው። ልጅ የሚማረው ግን ከበቀለው ነው። ከበቀለውም ብቻ አይደለም፤ ከደረቀውም ይማራል። የሞተ ችግኝ ፊት ቆሞ «ለምን ሞተ?» ብሎ አብሮት የሚጠይቅ ሰው ካለ ማለቴ ነው።

በአገራችን የደጋ አየር ችግኝ የሚሞተው በክረምት አይደለም። የሚሞተው ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው የበጋ ጊዜ ነው፤ ውኃ ሲጠፋ፣ አዝመራው ተነስቶ ከብትና ፍየል ልቅ ሲሰማራ። ዘመቻው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች የሚሰማሩትም በዚሁ ጊዜ ነው። «የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት» የሚባለው ነገር እውነተኛ ሥራ ይሠራል። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የተመለሱ ተማሪዎች የአረጋውያንን ቤት ይጠግናሉ፣ ደም ይለግሳሉ፣ ለታናናሾቻቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። በመስከረም ግን ወደየግቢያቸው ይመለሳሉ። ችግኙና ልጁ ብቻቸውን ይቀራሉ።

በመሃል የሚገኘው የትምህርት ቤቱ ክበብ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ የፀረ ኤድስ ክበብ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብን የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ የባዮሎጂ ወይም የአካባቢ ሳይንስ መምህር ነው። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ደመወዝ የለውም። ማስተማሪያውን፣ ውኃ ማጠጫ ጣሳውን፣ የአጥሩን ሽቦ ከየት እንደሚያመጣ የሚያውቀው ራሱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በኢትዮጵያ ስለ ተፈጥሮ ልጆችን በማስተማር ረገድ ትልቁን በጎ ፈቃድ የሚሰጠው ይህ መምህር ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ብሎ የሚጠራው ግን የለም። ከውጭ የሚያግዙትም አልጠፉም። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአገሪቱ አንጋፋ የተፈጥሮ ማኅበራት አንዱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ክበባት ጋርም ሲሠራ ቆይቷል። ነገር ግን አንድ ማኅበር በአገር ሙሉ የሚገኙ ትምህርት ቤቶችን አይደርስም። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በግጭቱ ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት በሌለበት ክበብ የለም፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ ልጆችና ስለ ተፈጥሮ መጻፍ ቅንነት አይሆንም።

አሁን ስለ ገጠር ልጅና ስለ ከተማ ልጅ። ሁለቱን በአንድ ቋንቋ ማስተማር አይቻልም፤ ብዙ ዘመቻ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የገጠር ልጅ ዛፍ አያውቅም አይባልም። ወይራ ለምን እንደሚጨስ፣ የዋንዛ ፍሬ መቼ እንደሚበላ፣ የትኛው እንጨት ለሞፈር የትኛው ለድግር እንደሚሆን ያውቃል። እናንተ ራሳችሁ እንጨት ለቅማችሁ፣ ውኃ ቀድታችሁ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ለዚህ ልጅ ከከተማ የመጣ ወጣት ቆሞ «ዛፍ መቁረጥ መጥፎ ነው» ቢለው በልቡ ይስቃል። ማታ እናቱ፣ እናቱ ከሌለች አያቱ፣ እንጀራ የምትጋግረው በምን ሆነና? እሱ የሚያስፈልገው የሚያውቀውን የሚያከብርና ከዚያ የሚነሳ ትምህርት ነው። የትኛው ዛፍ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል? ምንጩ ለምን ቀነሰ? አያቱ ወጣት ሳሉ ያ ገደል ምን ይመስል ነበር?

በነገራችን ላይ፣ ሁላችንም በትምህርት ቤት «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ የሚሆነው የኢትዮጵያ መሬት በደን የተሸፈነ ነበር» የሚል ቁጥር ተምረናል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህ አባባል በማስረጃ የቆመ እንዳልሆነ አሳይቷል። ደን አልተመናመነም ማለቱ አይደለም። ነገሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዳንዱ አካባቢ ድሮም ሣርና እርሻ ነበረ፤ አንዳንዱ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ዛፍ አለው፣ ባሕር ዛፍ ቢሆንም። ይህ ለልጅ ትምህርት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። «አያቶችህ አገሩን አራቆቱት» ብለን ከምናሳፍረው «ሂድና አያትህን ጠይቃት» ብንለው እውነተኛውን የሰፈሩን ታሪክ ይዞ ይመጣል። ልጆቻችንን የሚያሳድጉት አያቶች መሆናቸው እዚህ ላይ ጉዳት ብቻ አይደለም።

የአዲስ አበባ ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ አፈር የሚነካው መቼ ነው? ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን ከቴሌቪዥን ያውቃል፤ በመስኮቱ የሚያልፈውን ወፍ ስም ግን አያውቅም። ለእሱ የሚያስፈልገው መጀመሪያ መንካት፣ ማሽተት፣ መቆሸሽ ነው። ለዚህ ከተማው ያለው ትልቁ ሀብት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይመስለኛል። በከተማ አስተዳደሩና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመ፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን ቦታ ነው። ልጃችሁ አዲስ አበባ ካለ፣ የምትልኩት ገንዘብ ለቡርገርና ለመጫወቻ ማዕከል ከሚሄድ አንድ ቅዳሜ አክስቱ ወይም አጎቱ እዚያ ይውሰዱት። የኮሶን ዛፍ በዓይኑ ያየ የከተማ ልጅ ብዙ አይደለም።

ታዲያ ማኅበረሰቡ ራሱ በፈቃዱ ያስተማረበትና የተሳካበት ቦታ አለ ወይ? አለ። ሁለት ቦታ ልንገራችሁ።

አንደኛው የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። በሰሜኑ ደጋ ከሩቅ ስትመጡ በታረሰ ሜዳ መካከል ጥቁር አረንጓዴ ክብ ነገር ካያችሁ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው። ግን በአካባቢው የጠፋው አገር በቀል ዛፍ፣ ወፍና ነፍሳት የቀረው እዚያ ነው። የደን ሳይንስ ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ (ብዙዎቻችሁ «እመጓ» በሚለው መጽሐፉ ታውቁታላችሁ) እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎማን ጋር ሆነው ካህናቱን ሰበሰቡና ከላይ የተነሳ የሳተላይት ምስል አሳዩአቸው። ካህናቱ ደናቸው ከዳር ከዳር እየተበላ እንደሆነ በዓይናቸው አዩ። መፍትሔውን ማኅበረሰቡ በእጁ ሠራው፤ ከብት እንዳይገባ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑ ታጠረ። ከካቡ ውስጥ ማንም ሳይተክለው ችግኝ በራሱ መብቀል ጀመረ።

ይህን ታሪክ የምወድበት ምክንያት አለኝ። ማንም ሰው «ለተፈጥሮ ብላችሁ ተሰቃዩ» አልተባለም። ካህኑ የሚጠብቀው የእግዚአብሔርን ቤት ልብስ ነው፤ ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል፤ ልጆቹ ደግሞ ድንጋይ ሲያቀብሉ ውለው ካቡ የእኛ ነው ይላሉ። የእስልምና ተከታይ የሆናችሁ እህቶችም በየመስጊዱና በየመቃብሩ ዙሪያ የቀሩትን ትላልቅ ዛፎች አስቡ፤ ማንም መጥረቢያ የማያነሳባቸው። ነገሩ አንድ ነው።

ሁለተኛው ባሌ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለው ቀይ ቀበሮ፣ በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ የሚሉት፣ አዋቂዎቹ ተቆጥረው ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ናቸው። ትልቁ ገዳያቸው አዳኝ ሳይሆን ከእረኛ ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ተነስቶ በደረሰባቸው ሸለቆዎች ብዙዎቹን ጨርሷል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ውሾችን በብዛት ይከትባል፤ ከዚያ ጎን ለጎን በየመንደሩ ሰዎችን፣ በየትምህርት ቤቱ ልጆችን ያስተምራል።

ልብ በሉ፣ ልጆቹ የሚማሩት ቀበሮ ቆንጆ ነው ተብለው ብቻ አይደለም። ውሻህ ከተከተበ አንተም ትድናለህ፣ በጎችህም ይድናሉ፣ ቀበሮውም ይድናል ተብለው ነው። ትምህርቱ ከልጁ ሕይወት ጋር ተሰፍቷል። እግረ መንገዴን፣ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ልጆችን ይገድላል። ልጃችሁን ውሻ ነከሰው ብለው ከደወሉላችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲያጥቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ወስደው ክትባት እንዲያስጀምሩት ንገሯቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ለባህል ሕክምና ብለው አንድ ቀን እንኳ አያሳልፉ።

ከሁለቱ ምሳሌዎች ወጣ ብዬ ስለ አንድ ቃል ላውራ፤ ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። በዓረብኛ በጎ ፈቃድ «ተጠዉዕ» ይባላል። የመጣው «ጣዓ»፣ ማለትም መታዘዝ ከሚለው ሥር ነው። በቃል ደረጃ በፈቃድ መስጠትና መታዘዝ ወንድማማች ናቸው። በመሬት ላይም እንዲሁ ይቀራረባሉ። በአገራችን የተፋሰስ ሥራ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፤ ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባለው ቀበሌ በዚህ ዓይነት ሥራ ምንጩን መልሶ በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። የተራቆተ መሬት አገግሞ የታየበት እውነተኛ ውጤት ነው። ሆኖም «ካልመጣህ ትቀጣለህ» ተብሎ የሚወጣ ሰው በጎ ፈቃደኛ አይባልም። ልጆችም ይህን ልዩነት በደንብ ያውቃሉ። ለሪፖርት ተብሎ በሰልፍ የወጣ ልጅ ችግኙን የሚያየው የቀበሌው አድርጎ ነው። የቀበሌው ከሆነ ደግሞ በጥር የሚያጠጣው ቀበሌው ነው!

የመንዝ ጓሳ ሰዎች ይህን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፈትተውታል። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለዓመታት ይዘጉና ሲደርስ በአንድነት ይከፍቱታል። አባ ቄራ የሚባል በራሱ በሕዝቡ የተመረጠ ጠባቂ አለው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢዳከምም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል፤ ዛሬ በዚያ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አሉ። እዚህ የምትኖሩበት ምድርም ተመሳሳዩ ነበረው። «ሂማ» ይባላል፤ በድርቅ ጊዜ እንዲያገለግል ከግጦሽ የሚከለል መሬት ነው። ከእስልምና በፊትም ነበር፤ በኋላም ለጋራ ጥቅም እንዲውል ተደርጎ ቀጥሏል። ከ«ሂማያ»፣ ጥበቃ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር ነው። በደዊንና የመንዝ ገበሬ ተገናኝተው ሳይማከሩ አንድ ነገር ላይ መድረሳቸው ደስ ይላል።

ወደ እናንተ ልመለስ። እዚህ አገር በተፈጥሮ ትምህርት ውስጥ ሳታውቁት ገብታችኋል። የማዳም ልጆች ትምህርት ቤት ጣሳና ወረቀት ሰብስቡ ሲባሉ ጣሳውን ያጠበችው፣ በፌስታል አስራ በር ላይ ያስቀመጠችው ማን ናት? ልጁ የምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል። በኤሚሬትስ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. 100 ሚሊዮን የማንግሮቭ ዛፍ (በዓረብኛ «ቁርም» የሚሉትን፣ በባሕር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን) ለመትከል ታቅዷል፤ ተማሪዎች ለጉብኝት ሲሄዱ ቦርሳውን የምታዘጋጀው፣ ከጭቃ ሲመለሱ ጫማውን የምታጥበው ያቺው ናት። ይህን የምለው ለማማረር ሳይሆን እውቀቱ በእጃችሁ እንደሚያልፍ ለማስታወስ ነው። የማዳምን ልጅ ቆሻሻ መለየት ያስተማረች ሴት የራሷንም ልጅ በስልክ ማስተማር አያቅታትም።

በዚህ ላይ ግን ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። ሁለቱ ከሕግ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ቀለል አድርጋችሁ አትዩአቸው።

አንዱ ገንዘብ ነው። «ለትምህርት ቤታችን ችግኝና አጥር እናዋጣ» ብላችሁ በዋትስአፕ ቡድን ወይም በቲክቶክ ገንዘብ መሰብሰብ በኤሚሬትስ ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የልገሳ ሕግ ገንዘብ መሰብሰብን ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ ሰጥቶ፣ የተላለፈውን በከባድ ገንዘብ እንዲቀጣ ያደርጋል። ሐሳባችሁ ቅን መሆኑ አያድናችሁም። ከገዛ ደመወዛችሁ በሕጋዊ ገንዘብ ላኪ ለእናታችሁ ልካችሁ እሷ ለክበቡ ሁለት ጥቅል ሽቦ ብትገዛ ግን ማንም የሚጠይቃችሁ የለም።

ሌላው አቦ ሸማኔ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከሰሜን ኬንያ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች እየተሰረቁ በሶማሌላንድ ጠረፍ፣ በየመን በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው ለቤት ጌጥ ይሸጡ እንደነበር፣ ዛሬም እንደሚሞከር በደንብ ይታወቃል። ግልገሉን ከእናቱ የሚነጥቀው አብዛኛውን ጊዜ ድሃ አርብቶ አደር ወይም እረኛ ልጅ ነው፤ ፍየሉ ተበልቶበት፣ ጥቂት ብር ቃል ተገብቶለት። ብዙዎቹ ግልገሎች በመንገድ ይሞታሉ። ከተረፉት ኢትዮጵያ ውስጥ የተያዙ ጥቂቶች ሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ በሚያስተዳድረው «እንስሳ ኮቴ» ማዕከል ይኖራሉ። ኤሚሬትስ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 22 አደገኛ የዱር እንስሳትን ግለሰብ ቤት ማኖር ከልክላለች። የምትሠሩበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ግን ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ፤ የሰውን ቤት ቀርጾ ማሰራጨት በራሱ ያስከስሳል። የአገር ቤቱን የገጠር ልጅ ግን በስልክ መንገር ትችላላችሁ። ገዢው ያለው እኛ ባለንበት አገር፣ ሻጩ ያለው በእነሱ ሰፈር ስለሆነ፣ ከባሕር ማዶ የምትናገር እናት ቃል እዚህ ላይ ከማንም በጎ ፈቃደኛ ይበልጣል።

ሦስተኛው ሕግ የለበትም፤ ግን በጣም ይረሳል። ማንኛውም ዛፍ ጥሩ ዛፍ አይደለም። በኤሚሬትስ ብሔራዊ ዛፍ የሆነው ጋፍ በረሃን ተቋቁሞ ግመልና ሰው የሚያጠግብ፣ ሥሩ ወደ መሬት እጅግ ጠልቆ የሚወርድ ዛፍ ነው። የቅርብ ዘመዱ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ግን በ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. «መሬቱን ያድናል» ተብሎ ወደ አፋር ገባ። ከብትና ፍየል ፍሬውን እየበሉ በእበታቸው አሰራጩት። ዛሬ በተመራማሪዎች ግምት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል፤ የአፋር አርብቶ አደር ግጦሹን ተነጠቀ። ተካዮቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የጎደለው ከመትከላቸው በፊት እዚያ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ነበር። ልጃችሁ «ዛፍ ተከልን» ሲላችሁ «ምን ዓይነት ዛፍ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አላውቅም» ካለ መምህሩን እንዲጠይቅ ላኩት። ይህ አንድ ጥያቄ ክበቡን ከሰልፍ ወደ ትምህርት ሊመልሰው ይችላል።

እንግዲህ የዚያችን እህት ጥያቄ ስናየው፣ ልጇ እስከ ጥር ድረስ የተማረው ነገር ቢኖር ችግኝ ለፎቶ እንደሚያዝ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ግን ጉዳዩን ቀይሮታል፤ ይህን ያሰበችው ራሷ ናት፣ የእኔ ምክር የለበትም። ለእናቷ ደውላ በጓሮ አንድ ብቻ ወይራ እንዲተክሉ አደረገች፤ ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከጎረቤት ተለምኖ የመጣ። አያትየው የሲኒ ዕጣቢውን እዚያ ሥር ይደፉታል። ልጁ በእሾህ አጠረው። በየእሑዱ ሲደዋወሉ ከቤት ሥራው በፊት የሚያወሩት ስለ ወይራው ነው፤ ስንት ቅጠል አወጣ፣ ዶሮ ጫረው ወይ፣ ጉንዳን አለበት ወይ። የክበቡ መምህርም ይህን ሰምቶ በትምህርት ቤቱ ለቀሩት ስምንት ችግኞች የክፍል ተረኛ መድቧል አሉ፤ ለእያንዳንዱ ችግኝ ሁለት ልጅ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ጆግ ውኃ ከቤት ይዘው።

ባለፈው ሳምንት ልጁ «እዚያ አንቺ ጋ ዛፍ አለ?» ብሎ ጠየቃት። ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ጋፍ ፎቶ አንስታ ላከችለት። ወዲያው መለሰላት፦ «ለምን እሾህ አለው?» መልሱን ስላላወቀችው እኔ ጋ ደወለች። ከፍየልና ከግመል ራሱን እንዲጠብቅ ነው አልኳት። እሷም እንዲህ ብላ ላከችለት፦ «እንደ አንተ አጥሮ ነው። አጥሩን ግን ራሱ ነው ያበቀለው።»